ባለቤቱ ያልታወቀ ወገብ

ጉለሌ፣ ከዊንጌት ትንሽ ከፍ ብሎ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበርሽው ዘመዳችን ለሩፋይዳ። አያትሽና እናቴ የእህትማማች ልጆች ስለሆኑ አንቺ ለኔ ምን እንደምትሆኚ ቆጥሬ መጨረስ አልቻልኩም፤ ልጄ ብዬ አሳጥሬዋለሁ።

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሁሉ አስቀድሞ ከባድ መርዶ ስላለኝ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በሱቃችን በር፣ ከለስላሳው ሣጥን ጎን፣ ለረጅም ዘመን ሰፈሩን በቅንነት ስታገለግል የኖረችው ባለ ሦስት እግሯ ዱካ ባለፈው ማክሰኞ በድንገት ተሰብራ ከመቀመጫነት ወደ ማገዶነት ተዛውራለች። በአደጋው ሰዓት በላይዋ የነበርኩት እኔ ስሆን፣ ከመጠነኛ ኀፍረትና ከወገቤ በቀር የደረሰብኝ ጉዳት የለም። ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ መጽናናትን እመኛለሁ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ሙኒያ ደህና ናት፤ ልጃችን ጀና ደህና ናት፤ ሱቁ ደህና ነው፤ የሱቁ ድመት እንኳ ከአይጦቹ ጋር ተስማምታ ደህና ናት። አንቺስ ፀሐይ በቀጠሮ በምትወጣበት በዚያ በፊንላንድ እንዴት ነሽ? አላህ ከብርዱም ከዝምታውም ይጠብቅሽ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዱካዋ ከሞተች ወዲህ የሰፈሩ ወገብ ሁሉ አፍ አወጣ። ለካ ሰው ሁሉ ጨው ሊገዛ የመጣ እየመሰለ እሷ ላይ ወገቡን ሲያሳርፍ ኖሯል። «ያቺ የናንተ ልጅ እዚያ ማዶ የወገብ ሐኪም አይደለችም እንዴ?» አሉኝ። «ሐኪም አይደለችም፣ ፊዚዮቴራፒስት ናት» አልኳቸው። «ወገብ ከነካች ይበቃናል፤ ጻፍላት» አለኝ ጫኝና አውራጁ ቶለሳ። እነሆ የታማሚውን ሁኔታ አቀርባለሁ።

ታማሚው ዕድሜው በሃያ አራትና በሰባ ስምንት መካከል ይገመታል። ጠዋት ሲነሳ ወገቡ እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ይልና ሲንቀሳቀስ ይለቀዋል። ሲያስለው ከዳሌው እስከ እግሩ አውራ ጣት መብረቅ ይወርድበታል። መንገድ ሲሄድ ሁለት እግሩ ይዝላል፤ ዣንጥላ ላይ ጎንበስ ሲል ያገግማል። ሲቀመጥ ያመዋል፤ ሲቆምም ያመዋል። ወደ ማታ ማታ ትኩሳት ቢጤ ይነካካዋል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ልብሱ ሁሉ ሰፍቶታል፤ ጋደም ሲል እንኳ አይለቀውም።

የምንጠይቅሽ አንዲት ቀበቶ ብቻ ናት፤ ያቺ ክብደት የሚያነሱ ሰዎች ወገባቸው ላይ የሚታጠቋት ዓይነት። በተራ እንታጠቃታለን።

ትናንት ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሱቅ ውስጥ ሸለብ ሲያደርገኝ እንጦጦን በሕልሜ አየሁት። ተራራው በጎኑ ተገላበጠና «ወይኔ ወገቤ» አለ። ባሕር ዛፉ በሙሉ አብሮት አዘነበለ። ስነቃ ጉሙ በር ሳያንኳኳ ገብቶ መደርደሪያው ላይ ሳሙናዎቹ መሃል ተቀምጧል። ምን ፈልገህ ነው ልለው ምንም አልቀረኝ።

ይህን ጀና ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ድምፅ ቀድቶ መላክ አይሆንልኝም፤ ድምፅ ፊርማ የለውም።

ዘመድሽ ኑሕ

---

ኦሉ፣ ፊንላንድ
ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ኑሕ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ሰላምታዬ ከሱቁ በር ገብቶ እስከ ጓዳ ይድረስ፤ ለእትዬ ሙኒያም፣ ለጀናም፣ ለሰላም ወዳዷ ድመትም። በዱካዋ ሕልፈት ከልብ አዝኛለሁ። ልጅ ሆኜ ከረሜላ የምሰርቅዎት እሷ ላይ ቆሜ ነበር። እኔ ደህና ነኝ።

እዚህ ቀኑ በየሳምንቱ እያጠረ ነው። ክሊኒካችን ሞቅ ያለ ውሃ ያለው ገንዳ አለው። ሽማግሌዎቹን እጃቸውን ይዤ በቀስታ አስገባቸዋለሁ፤ እንፋሎቱ ይሸፍናቸዋል። ከዚያ በኋላ የትኛው ዳኛ፣ የትኛው ዓሣ አጥማጅ እንደነበረ አይለይም። ተንሳፍፈው ጣሪያውን እያዩ ያንጎራጉራሉ፤ በመስኮቱ በኩል በረዶው ይወርዳል። ውሃ ውስጥ ማንም ወገብ የለውም።

የእርስዎን ታማሚ ግን የትኛው ገንዳ ይችለዋል? ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሲንቀሳቀስ የሚለቀው ከሆነ ሲሄድ ለምን ይዝላል? ሲቀመጥ የሚያመው ከሆነ ጎንበስ ብሎ እንዴት ያገግማል? ሃያ አራትና ሰባ ስምንትስ ምን አገናኛቸው? ጋሼ ኑሕ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ይህ ወገብ የስንት ሰው ነው?

ቀበቶውን አልልክም። ቀበቶ ሁለት ቀን ደግፎ ጡንቻን ያሰንፋል፤ በተራ ከዞረ ደግሞ ሰፈር ያሰንፋል።

የሳቅኩት ግን «ወደ ማታ ማታ» እስከሚለው ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አላሳቀኝም። አብዛኛው የወገብ ሕመም እያስጮኸም አደጋ የለውም፤ ጥቂቱ ግን ሳያስጮኽ አደገኛ ነው። የማታ ትኩሳት፣ ላብና መክሳት የማን እንደሆነ ቶሎ ይጻፉልኝ። እደውላለሁም።

ሩፋይዳ

---

ጉለሌ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፋይዳ፣ ሰላምታዬ በረዶውን አቅልጦ ይድረስሽ።

አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ደውለሽ ነበር። ሱቁ ሰው ሞልቶት ስለነበር «ኔትወርክ የለም» ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርክ ነበረ። የወገብ ነገር ስኳር በሚመዘንበት ቦታ አይወራም።

ስለ ወገቡ ብዛት ለጠየቅሽው የምንሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። እኛ ወግ አለን። ለቅሶ ስንደርስ ሁሉም ተነስቶ አይለፈልፍም፤ አንድ ሰው በሁሉም ስም ይናገራል፤ ሌላው «አሚን» ይላል። አንቺም ሥራ ይበዛብሻል ብለን፣ ተሰብስበን፣ ተመካክረን፣ ወገባችንን አንድ አድርገን ላክን። ጥፋት ከሆነ ይኸው ይበተናል።

መብረቁ የቶለሳ ነው። ሲሚንቶ ሲያወርድ ተጣምሞ ዞረና ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ባሳለው ቁጥር እስከ አውራ ጣቱ ይወርድበታል። «እግሬን ነው እንጂ ወገቤማ ጤነኛ ነው» እያለ ይከራከራል።

ዣንጥላው የእማማ ሙሉ ነው። ከሩፋኤል ቅዳሴ ሲመለሱ እግራቸው ይዝልና መሃል መንገድ ዣንጥላቸው ላይ ጎንበስ ይላሉ። የሚሳለሙ የመሰለው መንገደኛ ሁሉ አብሮ ይሳለማል። እሳቸው ባረፉበት ቦታ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሊተከል ነው።

የጠዋቱ ግትርነት የኮምፒውተር ጠጋኙ የአብራር ነው። ገና ሃያ አራቱ ነው። ጠዋት እንደ አያቱ ተጎብጦ ይወጣል፤ ኳስ ሲጫወት ውሎ ማታ ጎረምሳ ሆኖ ይገባል። እናቱ «የሥራ ጥላቻ ነው» ብላ ደምድማለች።

ሲቀመጥም ሲቆምም የሚያመው እኔ ነኝ። የኔን አስቀድሚው።

የማታው ላብ ግን ባለቤት አልተገኘለትም። ሦስቱንም ጠየቅኳቸው፤ «የኛ አይደለም» ብለው ማሉ። ያቀበለችኝ ሙኒያ ናት። ስጽፍ ሻይ እያስቀመጠችልኝ «ማታ ማታ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልብሱ ሰፍቶታል ብለህ ጨምርበት» አለችኝ። ደብዳቤው እንዲያምር መስሎኝ ጨመርኩት። አሁን ብጠይቃት «ቁርአን የምንማርበት ቂርአት ቤት አንዲት ሴት ስታወራ ሰምቼ ነው፤ ስሟን አላወቅኩም» ትላለች። ሙኒያ እንኳ የሰው ስም የምትረሳ ሴት አልነበረችም።

በቀደም ደግሞ በሕልሜ ግቢያችን ውስጥ የልብስ ገመድ ላይ ወገቦች ተሰጥተው አየሁ። ነፋሱ ያወዛውዛቸዋል። ሰው ሁሉ እየመጣ የራሱን ያወርዳል። መጨረሻ ላይ አንዲት ቀጭን ወገብ ብቻዋን ቀረች፤ ጠብ ጠብ ትላለች፤ ዝናብም አልነበረ።

ቀበቶው ከቀረ ያቺን የምታቃጥል ቅባት ላኪልን።

ኑሕ

---

ኦሉ
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ኑሕ፣ ሰላም ለቤትዎ። እኔ ደህና ነኝ።

ቶለሳ እግሬን ነው ማለቱ እውነቱን ነው። በወገብ አጥንቶች መሃል ትራስ የመሰለች ነገር አለች፤ ዲስክ ይሏታል። እሷ ሾልካ ነርቭ የተጫነች ይመስለኛል። ሕመሙ እግሩ ላይ ይዞራል እንጂ ቤቱ ወገቡ ነው። አልጋ ላይ አይዋል፤ በሚችለው መጠን ይራመድ፤ ሲሚንቶውን ግን ለጊዜው ይርሳው። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ እየቀለለው ይሄዳል። ሽንቱ እንቢ ካለው፣ መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግሩ ከከዳው ግን ያኔውኑ ሆስፒታል ነው፤ ወጌሻ ጋ አይደለም።

እማማ ሙሉን ዕድሜ የነርቩን መንገድ አጥብቦባቸዋል ብዬ እገምታለሁ። ጎንበስ ሲሉ መንገዱ ሰፋ ይላል። ዣንጥላቸው ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሐኪም ነው፤ እንዳትቀሟቸው። እያረፉ ይሂዱ፤ ጤና ጣቢያም ይታዩ።

አብራር ሰነፍ አይደለም። በወጣትነት ጠዋት የሚገትር፣ ሲያርፉ የሚብስ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚለቅ ወገብ መገጣጠሚያው ውስጥ የተቆጣ ነገር ሊኖረው ይችላል። የመገጣጠሚያ ሐኪም ይየው። እናቱም ይቅርታ ትጠይቀው።

የእርስዎን ላስቀድመው ብዬ ነበር፤ መድኃኒቱ አጭር ስለሆነ ወደ ኋላ አልኩት። ይነሱ። ደንበኛ ዕቃ ሲጠይቅ «ጀና፣ አቀብይው» ማለት ይቅርና ራስዎ ይነሱ።

አሁን ወደ ሴትየዋ። ሲተኙም የማይለቅ ሕመም፣ የማታ ትኩሳት፣ ላብ፣ መክሳት። ይህ የጡንቻ ላይሆን ይችላል፤ አጥንቱን ውስጥ ለውስጥ የሚበላ ነገር ሊሆን ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት የሚመለስበት ዕድል ትልቅ ነው። ከዘገየ አጥንቱ ይደረመስና እግር ሊያዝ ይችላል። ስሟን ካላወቃችሁ ደግሞ አንድ መለያ ልንገርዎት። እንዲህ ያለ ወገብ መታጠፍ ይፈራል። የወደቀ ነገር ሲያነሳ ጎንበስ አይልም፤ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ እጁን ጭኑ ላይ ደግፎ፣ በጉልበቱ ቁልቁል ይወርዳል። እትዬ ሙኒያ ቂርአት ቤት ቀላል ነገር እየጣለች ማን እንዴት እንደሚያነሳ ትይልኝ። እባክዎ ዛሬ ነገ አይበሉ።

ሩፋይዳ

---

ጉለሌ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፋይዳ፤ ሰላምታው በሰላም ይድረስሽ፤ እኔ ግን በሰላም አልዋልኩም።

ሁላችንም ደህና ነን። ትእዛዝሽን ለሙኒያ ነገርኳት። «እኔ የሰው ወገብ ሰላይ አይደለሁም» ብላ ጓዳ ገባች። ስለዚህ የምርመራውን ኃላፊነት በራሴ ላይ አደረግሁ።

በመጀመሪያ ምን እንደሚጣል ጥናት ተካሄደ። ሳሙና ያዳልጣል፤ ብስኩት ይሰበራል፤ እንቁላልማ ይቅር። ሎሚ ተመረጠ። ክብ ነው፣ ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ በሱቁም ሞልቷል። ሴቶቹ ከቂርአት የሚመለሱበት ቅያስ ጥግ ቆሜ አንዲቷ ስትደርስ ሎሚዬን ጣል አደርጋለሁ፤ ዓይኔን ወገቧ ላይ እተክላለሁ።

የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ቶይባ ነበረች። እንደ ቄጠማ ታጥፋ አነሳችና «ጋሼ ኑሕ፣ ሎሚዎ!» አለችኝ። አመሰገንኳት፤ ጤነኛ ብዬ አለፍኳት። ሁለተኛዋም ታጠፈች። ሦስተኛዋ አላነሳችም። ሎሚውን አየች፤ እኔን አየች፤ ሻርፗን ሰብሰብ አድርጋ «በዚህ ዕድሜ?» ብላኝ ሄደች።

ወላሂ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጎረምሶች በጥምቀት ሎሚ የሚወረውሩት ለምን እንደሆነ።

እኔ ሱቅ ከመድረሴ ወሬው ቀድሞኝ ተቀምጧል። ቶለሳ እግሩን እየጎተተ መጣና «ጋሼ፣ ከወደዷት በሽማግሌ ይላኩ እንጂ፤ ሎሚ ተወዷል» አለኝ። እማማ ሙሉ ዣንጥላቸው ላይ ጎንበስ ብለው «አንተ ኑሕ፣ ለጥምቀት ቢሆን እንኳ ባልፈረድንብህ፤ ገና እኮ ኅዳር ነው!» አሉ። አብራር ብቻ አልሳቀብኝም፤ ጠዋት ስለነበረ ለመሳቅ አልተፍታታም።

የምንፈልጋት ሴት ስለዚህ እስካሁን አልተገኘችም። ፍለጋው ይቀጥላል፤ ሎሚ ግን አይሆንም።

ቅባቱን ተይው። ካሰብኩት አይቀር፣ ያ ሰው ሲተኛበት ደመና ላይ ያለ የሚመስለው ፍራሽ እናንተ ጋ አለ አሉ። የሚጠቀለል ከሆነ ሰው ሲመጣ

ሙኒያ ከጓዳ እየጠራችኝ ነው። ድምፅዋ ሎሚ ሎሚ ይላል። ላቋርጥ።

---

ኦሉ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ኑሕ፣

ሰላም ለእርስዎ። ስለ ሎሚው አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅኩ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ግን ደብዳቤዎ መሃል ላይ ተቆርጦ ቀረ። እትዬ ሙኒያ ምን አለች? ሴትየዋስ?

ሩፋይዳ

---

ኦሉ
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ኑሕ፣

ስደውል አያነሱም። ጀናን ብጠይቃት «አባዬ እየጻፈልሽ ነው» ብላ ዘጋችው። እየጻፉ ከሆነ ረጅም ነው ማለት ነው፤ ረጅም ሲሆን ደግሞ ይፈራል። እዚህ ከቀትር በኋላ ሰማያዊ ጨለማ ይወርድና በረዶው ብቻ ያበራል። በዚያ ብርሃን ሁሉም ሰው ሲራመድ ወገቡን አያለሁ። ማን ይታጠፋል፣ ማን አይታጠፍም እያልኩ። እባክዎ አንድ መስመር።

ሩፋይዳ

---

ጉለሌ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩፋይዳ ልጄ፣

ሰላምታው ይቆየን።

ያን ቀን ጓዳ ስገባ ሙኒያ መሃል ወለሉ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጀና ጥግ ሆና አፏን ይዛ ትስቃለች።

«ለሰፈሩ ሴት ሁሉ ጣልክ አሉ» አለችኝ።

«ሙኒያ፣ ለሕክምና ነው።»

«ለሕክምና! እስቲ እኔንም አክመኝ። ጣልልኝ።»

«ተይ እባክሽ፣ ልጅቷ ታያለች።»

«ትይ! ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስኖር አንዲት ሎሚ አልጣልክልኝም። ጣል አልኩህ!»

ከኪሴ አውጥቼ ጣልኩት። ተንከባሎ እግሯ ሥር ቆመ። እኔ እየሳቅኩ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ አላለችም። ግራ እጇን ጭኗ ላይ ደገፈች። ጀርባዋን እንደ መስጊድ ሚናራ ቀጥ አድርጋ ቀስ እያለች ወረደች። ሎሚውን ሳታየው በዳበሳ ያዘችው። ከዚያ ጭኗን እየተመረኮዘች ወደ ላይ መጣች። ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። እንደምንም ፈገግ ብላ «እንካ» አለችኝ።

ጀና ሳቋን አቆመች። እኔ ሎሚውን መቀበል አቃተኝ።

«ያቺ የቂርአት ቤት ሴት ማን ናት?» አልኳት።

ሎሚውን ራሷ ኪሴ ውስጥ መለሰችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምቱ በፊት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ። «አንድ ቤት ስንት ወገብ ያስታምማል? ጠዋት ወገቤ፣ ማታ ወገቤ ትላለህ። ያንተ ቤቱን ሞልቶታል። የኔን የት ላስቀምጠው?» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ጨምርበት አልሽኝ?»

«አንተ ባትሰማ ልጅቷ ትሰማለች ብዬ።»

ቀሚሷን ያኔ አየሁት። ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ጎኑን በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ ይዛው ኖሯል። በየቀኑ ፊቴ ስትመላለስ የነበረ ቀሚስ ነው።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድናት። አብራር ታክሲ ይዞ መጣ። ቶለሳ «እኔ እሸከማታለሁ» ብሎ ቀረበ፤ በሱ ወገብ! እማማ ሙሉ ዣንጥላቸውን ሰጧት። ደም ተወሰደ፤ ኤምአርአይ ተነሳች፤ ከአጥንቷ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ብዙ አስጠበቀን። እኔም የማልጽፍልሽ ውጤት እየጠበቅኩ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። ለካ ደብዳቤ ያለ ቀልድ መጀመር አልችልም።

ሐኪሙ «የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነው» ሲለኝ «ሳሉስ የት አለ?» አልኩት። «ሳል አያስፈልገውም» አለኝ። ወረቀቱን ጀና ልካልሻለች። ፍራሹም ቅባቱም ይቅር። የምለምንሽ ዕቃ የለም። ትድናለች ወይስ አትድንም? እሱን ብቻ።

ኑሕ

---

ኦሉ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ኑሕ፣

ወረቀቱን ለክሊኒካችን ሐኪም አሳየሁት፤ ከዚያ በሩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። እንዲህ ነው ያለኝ። አንደኛው አጥንት ተበልቷል፤ ግን አልተደረመሰም። ነርቩ አልተጫነም፤ እግሮቿ ጉልበት አላቸው። በጊዜ ደርሳችኋል። ተስፋው ትልቅ ነው።

መድኃኒቱ ረጅም ነው፤ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ጥቂት ወር ስትወስድ ይሻላታል፤ ያኔ «ድኛለሁ» ብላ ልታቆም ትፈልጋለች። ፈተናው እዚያ ላይ ነው። አንድ ቀን እንኳ አታቋርጥ። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ማየት ካስቸገራት፣ እግሯ ከደነዘዘ ወይም ከከበዳት ወዲያው ሐኪሟ ጋ ትመለስ። ከባድ ነገር አታንሳ። አጥንት ውስጥ ያለው ቲቢ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሳንባዋን ግን ይመርምሩላት፤ እናንተም ታዩ። ጎረቤት ብርጭቆ ቢለይባት እርስዎ በዚያው ብርጭቆ ይጠጡ። ማሸት የለም፤ ወጌሻም የለም፤ እኔም እዚያ ብሆን አልነካትም ነበር።

እኔንም በየደብዳቤው «ደህና ነኝ» ስል አምነውኛል። ሰው ያነሳሁበት እጄ ማታ ማንኪያ አይዝም፤ ፀሐይን ካየሁም ቆየሁ። ይህን የምጽፍልዎት አልቅሱልኝ ብዬ ሳይሆን፣ እትዬ ሙኒያ ሕመሟን ለምን ደብቃ እንዳስጻፈችልኝ የገባኝ ራሴም እንደሷ ደብቄ ስለምጽፍ ነው።

በየሳምንቱ ይጻፉልኝ። ስለ ወገብ ብቻ አይደለም።

ሩፋይዳ

---

ጉለሌ
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፋይዳ፣ ፀሐይ ወጥታ አልጠልቅም ባለችበት አገር ላለሽው፤ አላህ እንቅልፉን ከነመጋረጃው ይስጥሽ።

የሰፈሩን ሁኔታ በአጭሩ። ቶለሳ መብረቁ ለቆታል፤ አሁን ጭነት ከማንሳቱ በፊት ለሌሎቹ ጫኞች ስለ ዲስክ ንግግር ያደርጋል፤ ንግግሩ ከጭነቱ ይከብዳል። አብራር መድኃኒት ተጀምሮለታል። እናቱ ይቅርታ ጠይቃዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም በጥርጣሬ ታየዋለች። እማማ ሙሉ በየመንገዱ እያረፉ መሳለማቸውን ቀጥለዋል፤ አሁንማ እኔም ሳልፍ እጅ እነሳለሁ። የኔ ወገብ ተነሳ ስላልሽው ተነስቷል፤ ማንም ስለሱ አይጠይቀኝም፤ ይህ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ሙኒያ መድኃኒቷን ጠዋት ጠዋት ፊቴ ትውጣለች። በፋሲካ ሰሞን እንዳልሽው «ድኛለሁ፣ ይብቃኝ» አለች። ተጣላን። ጀና በኔ በኩል ሆነች፤ ይህም በታሪክ የመጀመሪያው ነው። ቀሚሶቿን እንደገና አስፍታቸዋለች። ሐኪሙ አጥንቱ እየዳነ ነው ብሏል፤ ገና ጥቂት ወራት ይቀሯታል። ቶይባ ሰሞኑን መጥታ በሙኒያ ብርጭቆ ሳትጠየቅ ሻይ ጠጣች። ሙኒያ እሷ ከሄደች በኋላ ብርጭቆውን ይዛ ብዙ ጊዜ ቆመች።

ክረምቱ ገባ። ከቀትር በኋላ ጉሙ ከእንጦጦ ይወርድና ቅያሱን ይሞላዋል፤ ሰው ድምፁ ብቻ ያልፋል። እንዲህ ባለው ሰዓት ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። በቀደም ሕልሜን ልነግራት ስጀምር «ቆይ፣ ዛሬ የኔን ስማ» አለችኝ። ሕልም እንደምታይ አላውቅም ነበር። ባሕር ዛፉ መሃል ባዶ እጇን ሽቅብ ትወጣለች አለች። ምንም አልተሸከመችም፤ ማንም አይጠራትም። ቅጠሉ እንደ ዝናብ ይንሾካሾካል። «ወዴት እየሄድሽ ነው?» አልኳት። «ልነግርህ ስል አንተ አስነጠስክና ቀሰቀስከኝ» አለች። ለሚቀጥለው ላለማስነጠስ ቃል ገብቻለሁ።

እጅሽስ? ማንኪያ ይይዛል? መልሱን ሳላገኝ ሌላ አልጽፍም።

ኑሕ

ማረሚያ፦ በጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በወጣው ደብዳቤ ሰላምታው ላይ «ሁላችንም ደህና ነን፤ ባለቤቴ ሙኒያ ደህና ናት» ተብሎ የሰፈረውና በተከታዮቹ ደብዳቤዎች የተደገመው ቃል ሳይጣራ የወጣ ስለሆነ፣ «አልጠየቅኋትም» ተብሎ ታርሞ እንዲነበብ እናሳስባለን። የሚመለከታት አካል ይቅርታ ተጠይቃ «አየዋለሁ» የሚል ምላሽ ሰጥታለች።